ምስጢሩን ይዞ የወጣው ልጅ

ባለፈው እትም አንድ ባልደረባችን ስለ መድረክ ሲጽፍ «ተመልካች የሌለው ተውኔት ከራስ ጋር ማጉረምረም ነው» ብሎን ነበር። ስናነበው ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። ማንስ አይነቀንቅ? መጋረጃው ሲገለጥ በወዲያ ማዶ፣ በጨለማው ውስጥ፣ የሚያስል፣ የሚያንሾካሹክ፣ አንዳንዴም ተዋናዩ ሲሞት የሚስቅ ሰው ከሌለ ያ ሁሉ ልፋት ለማን ነው? ይሁን እንጂ ይህን የምንጽፈው ያን ዐረፍተ ነገር መልሰን ለመመርመር ነው። ጸሐፊዎቹ ሦስት ነን። ሁለታችን ለትምህርት አሜሪካ ሳለን፣ በማሳቹሴትስ አንድ የበረዶ ቅዳሜና እሑድ፣ አንድም ተመልካች በሌለበት ተውኔት ውስጥ ውለን አድረናል። ሦስተኛችን ያመጣናቸውን ወረቀቶች አንብቦ ሲከራከረን የከረመ ነው። ከሁለታችን አንዱ ገጸ ባሕርዩን አበላሸ፤ አንዷ አለቀሰች። ነገሩ ከሻይ ቤት ወሬ አልፎ ለሂስ የሚበቃ ሆኖ አገኘነው።

ዓይነቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንናገር። ፈረንጆቹ «ላርፕ» ይሉታል። የተጻፈ ምልልስ የለም፤ መድረክ የለም፤ በወንበር ተደርድሮ የሚጠብቅ ሰው የለም። እያንዳንዱ ተጫዋች ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ማንን እንደሚወድና ማንን እንደሚፈራ የሚነግረው ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያን ሰው ሆኖ ይውላል፤ በእግሩ ይሄዳል፣ ከአፉ ያመጣውን ይናገራል፣ ሲርበውም ያንኑ ሰው ሆኖ ይበላል። ልጆች ሳለን በቆርቆሮ ወጥ ሠርተን፣ «አንቺ እናት፣ አንተ አባት» ተባብለን እቃቃ የተጫወትን ሁሉ ነገሩን እናውቀዋለን፤ ልዩነቱ እነዚህኞቹ ጢም ያወጡ መሆናቸው ነው።

ታሪኩም ረጅም አይደለም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱበትን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አሳተሙ። ሰው መቀመጥ ሰለቸው መሰል፣ በ1977 በዋሽንግተን አካባቢ «ዳጎሂር» የተባሉት በስፖንጅ የተጠቀለለ ሰይፍ ይዘው ጫካ ገቡ፤ በ1982 ደግሞ እንግሊዞች በቼሻየር በሚገኘው በፔክፈርተን ግንብ ውስጥ «ትሬዠር ትራፕ»ን ጀመሩ። እኛን የሚነካን ግን ሌላው ጅረት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የተነሡ ሰዎች ሰይፉን ትተው ሤራን፣ ፍቅርንና ምስጢርን ይዘው ሆቴል ገቡ፤ ማኅበራቸውንም «የኢንተራክቲቭ ሊትሬቸር ማኅበር» አሉት። ልብ በሉ፤ ጨዋታ አላሉትም፣ ሥነ ጽሑፍ አሉት። ሥነ ጽሑፍ ካሉት ደግሞ ሂሱን ይቻሉት።

የሆቴሉን ነገር ትንሽ ካልነገርን የቀረው አይገባም። ስብሰባው ዐርብ ማታ ይከፈትና እሑድ ይበተናል። ጨዋታዎቹ አራት አራት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በአንድ ጊዜ በስድስት ሰባት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ዓለም ይቆማል። ክፍሎቹ ሌላ ጊዜ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡባቸው ናቸው፤ ወለሉ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ተንሸራታች፣ ጥግ ላይ ጭማቂና ብስኩት የተደረደረበት ጠረጴዛ። ኮሪደሩ ላይ ዘውድ የደፋች ንግሥት ከአንድ ሻንጣ ጎታች መንገደኛ ጋር ሊፍት ትጠብቃለች፤ ሰውየው ጣራ ጣራውን ያያል። ከሳምንታት በፊት መጠይቅ ተልኮልን ነበር። ፍቅር ይሻልሃል ወይስ ተንኮል? ሥልጣን ትወዳለህ? ማልቀስስ? በመልሳችን መሠረት ደራሲዎቹ ሰውን ለገጸ ባሕርይ ዳሩ። ለመድረክ ተዋናይ ሲመረጥ መልኩና ድምፁ ይታያል፤ እዚህ የሚታየው የሰውየው አምሮት ነው። ይህ በራሱ ብዙ የሚያስብል ነገር ነበር፤ ግን እንለፈው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የገባንበትን ጨዋታ ስሙንም ደራሲዎቹንም አንጠቅስም፤ በእንግድነት በልቶ ወጥቶ ስም ማንሣት ነውር ነው። አንድ ባለጸጋ አባት ሞቷል። ልጆቹ፣ ምራቶቹ፣ የቤተሰቡ ሐኪም፣ ወጥ ቤቷ፣ ከጋብቻ ውጭ የወለዳት ልጁ፣ በጠቅላላው 18 ሰዎች ኑዛዜ ሊሰሙ ተሰብስበዋል። ከሁለታችን ወንዱ የሟቹ ሁለተኛ ልጅ ሆነ፤ ጠበቃ ነው፤ ኑዛዜውን በሐሰት የጻፈውም እሱ ነው። ሴቷ አባቷን ስታስታምም የኖረችው የመጨረሻዋ ልጅ ሆነች።

የሁለተኛው ልጅ ወረቀት ሰባት ገጽ ነው። በጽሑፍነቱ ካየነው መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ከምናውቃቸው አንዳንድ አጫጭር ልቦለዶች ይሻላል። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ የአባቱን የኪስ ሰዓት ሰብሮ፣ ዝም ብሎ፣ ታላቅ ወንድሙን ያስገረፈበት ገጽ አለ፤ ሦስተኛችን ያን ገጽ ደጋግሞ አንብቦታል። ችግሩ ሌላ ነው። ከሰባቱ ገጾች ስድስት ተኩሉ ያለፈ ነገር ነው። ሰዓቱ ተሰብሯል፣ ወንድም ተገርፏል፣ ኑዛዜው ተጭበርብሯል፤ ግጭቱ አልቋል። ተጫዋቹ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ የቀረችው ሥራ አንዲት ናት፤ እሷም በመጨረሻው ግማሽ ገጽ ላይ በደማቁ ተጽፋለች፦ ማንም እንዳያውቅብህ። ደራሲዎቹ ድግሱን በልተው ጨርሰው ሳሕን እንዲያጥብላቸው ሰው የጠሩ ይመስላል።

ይህን ጉድለት መጀመሪያ ያየነው እኛ አይደለንም። የዴንማርክ ፊልም ሠሪዎች በ1995 ያወጡትን «ዶግማ 95» መነሻ አድርገው፣ ኖርዌያውያኑ ኤይሪክ ፋትላንድና ላርስ ቪንጎርድ በ1999 «ዶግማ 99» የሚል የላርፕ ማኒፌስቶ አውጥተዋል። ዐሥር ሕግ አለው። የመጀመሪያው ሕግ ድርጊትን በገጸ ባሕርይው ያለፈ ታሪክ ውስጥ መፍጠርን ይከለክላል፤ የሚሆነው ሁሉ እዚያው፣ በጨዋታው ጊዜ ይሁን ነው። ሦስተኛው ማንም ገጸ ባሕርይ ለሌላው ማሟያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያዝዛል። አራተኛው ምስጢርን በጠቅላላ ይከለክላል። ዐሥረኛው ደግሞ ደራሲዎቹ ለሥራቸው ሁሉ ተጠያቂ ናቸው ይላል፤ ይህን ሕግ ተርጉመን በየማተሚያ ቤቱ በር ላይ ብንለጥፈው ደስ ባለን። ማኒፌስቶ መቸም ማኒፌስቶ ነው፤ ግማሹ ጠብ ፍለጋ ነው። ስምንተኛው ሕግ አንድ ዕቃ ሌላ ዕቃ ወክሎ አይግባ ይላልና፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ እቃቃም ክልክል ሊሆን ነው። ሆኖም የመጀመሪያውን ሕግ ይዘን ወደ ሁለተኛው ልጅ ወረቀት ስንመለስ ሕመሙ የቱ ላይ እንደ ሆነ ወለል ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ጓደኛችን ምን አደረገ? እንደ ፈተና ቆጠረው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ወረቀት ሲሰጠን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተጠየቀውን መመለስ። ወረቀቱ ማንም እንዳያውቅብህ አለው፤ ማንም እንዳያውቅበት አደረገ። አስተዳደጉም አግዞታል፤ ሆድ ይፍጀው ሲባል ላደገ ሰው አራት ሰዓት ምስጢር መጠበቅ ምን ሥራ ነው? ሐኪሙ ጠየቀው፣ አላውቅም አለ። ታላቅ ወንድሙ ክንዱን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ ስለ በረዶው አጫወተው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደችው ልጅ ሦስት ጊዜ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ በጨዋ ደንብ ሸኛት። ሰዓቱ አለቀ። ኑዛዜው ጸና። አሸነፈ።

በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ምን ይዞ እንደ ነበር ይናገራል። ተራው ሲደርስ ጓደኛችን ደረቱን ነፋ አድርጎ ገለጠው፤ ኑዛዜውን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ አለ። ጭብጨባ የጠበቀ ይመስለናል። (እሱ አልጠበቅሁም ይላል።) ክፍሉ ዝም አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደችውን ልጅ የተጫወቱት ሴት፣ በዕድሜ ከእናቶቻችን የማያንሱ፣ ቀስ ብለው «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉት። «የኔ ወረቀት በሙሉ እሱን ፍለጋ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ የብስኩቱን ጠረጴዛ ስዞር ዋልሁ።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይህች አነጋገር ናት። ምስጢሩ የማን ነበር? በወረቀቱ ላይ የሱ ነው። በሥራው ግን የሴትዮዋ ነበር፤ እሱ ዘንድ በአደራ ነው የተቀመጠላቸው። ይዞባቸው ወጣ፤ እንዲህ ያለውን ሰው በአገራችን ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን በሰሙ የሚሸሽገው እንዲገኝለት ነው፤ ወርቁን ማንም ሳያገኘው ጉባኤው ከተበተነ የተቀኘ ሰው የለም፣ ዝም ያለ ሰው ነው ያለው።

እዚህ ላይ ሦስተኛችን ተነሥቶብን ነበር፤ ክርክሩ ጥሩ ስለ ሆነ እናስገባዋለን። በዚያው በ«ዶግማ 99» ሰሞን ማይክ ፖህዮላ የተባለ ፊንላንዳዊ «የቱርኩ ማኒፌስቶ» የሚባለውን ጽፏል። በሱ አመለካከት የተጫዋቹ ሥራ ለክፍሉ ትርኢት ማሳየትም ማሸነፍም አይደለም፤ ገጸ ባሕርዩ ውስጥ መስጠም፣ በሌላ ሰው አእምሮ ማሰብ ነው። ታዲያ ይላል ሦስተኛችን፣ ኑዛዜ ያጭበረበረ ጠበቃ በእውነተኛው ዓለም ለመጣ ለሄደው ይናዘዛል? ዝም ይላል! ጓደኛችን ዝም በማለቱ ከሁሉ የበለጠ ገጸ ባሕርዩን የሆነው እሱ ነው። ጥፋት ካለም ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ነው።

ግማሹን እንቀበላለን። ወረቀቱ ክፉኛ ጎድቶታል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ያው ወረቀት በዘጠኝ ዓመቱ ዝም ብሎ ወንድሙን ያስገረፈ ልጅ ሰጥቶታል። ይህ ልጅ አሁን በአርባ ዓመቱ፣ ያ የተገረፈው ወንድሙ ክንዱን ይዞ መስኮት ጥግ ሲያቆመው፣ ስለ በረዶ ነው የሚያወራው? አንድ ጊዜ ድምፁ አይሰበርም? የሰዓቱን ነገር እንኳ አያነሣም? ጓደኛችን ዝምታውን ያመጣው ከሁለተኛው ልጅ ሳይሆን ከራሱ ነው፤ የሰጠመውም በራሱ ጠባይ ውስጥ ነው። ማርኩስ ሞንቶላ፣ ያኮ ስቴንሮስና ኤሌነር ሳይታ በ2015 በጻፉት ላይ እንዳሳዩት፣ ተጫዋች ምን ያህል ቢሰጥም መሪውን የሚይዝ አንድ እጅ ሁልጊዜ አለው፤ ገጸ ባሕርዩን ወዴት እንደሚወስደው የሚመርጠው ያ እጅ ነው። ሰሜን አውሮፓውያኑ ከ1997 ጀምረው በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በፊንላንድ በየዓመቱ እያዞሩ በሚያደርጉት ስብሰባ ደጋግመው የሚያነሡት «ለመሸነፍ መጫወት» የሚባል ነገርም አለ። ስንፍና አይደለም። ገጸ ባሕርዩ ለመዳን ሲሮጥ፣ ተጫዋቹ ግን እያወቀ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተውለታል፤ ሌላው ሰው ገፋ አድርጎ እንዲገባ። ጓደኛችን በሩን ቆልፎ ቁልፉን ዋጠው።

ወደ ባልደረባችን ዐረፍተ ነገር እንመለስ። ስዊድናዊው ክሪስቶፈር ሳንድበርግ በ2004 እንደ ጻፈው፣ የላርፕ ተመልካች ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ከውስጥ ሆኖ፣ በገዛ ዓይኑ፣ የራሱንም የሌላውንም ሥራ ያያል። ስለዚህ ተመልካች የለም ማለት ስሕተት ነው፤ 18 ተመልካች አለ፤ ሁሉም አንድ አንድ ወንበር ሳይሆን አንድ አንድ ሰው ተሰጥቶታል። ለአሥራ ሰባቱ ምንም ያላሳየ ተጫዋች ነው እንግዲህ ከራሱ ጋር ያጉረመረመው። ባልደረባችን ቃሉን ወደዚህ ቢያዞረው እንስማማለን።

አሁን ወደ እኅታችን እንምጣ። ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ ቀደናል፤ የቀረው እሷ የፈቀደችው ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ ነው። የሟቹ ባርኔጣ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስከሬኑም ፎቶግራፉም ያው ባርኔጣው ነው። የመጨረሻዋ ልጅ ልታነሣው ጎንበስ አለች፤ ወረቀቷ እንዲህ አድርጊ አላላትም። ከዚያ ድምፅ ወጣት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል፤ ቀጥሎ በአማርኛ። እኅታችን የገዛ አባቷን ያጣችው ባለፈው ዓመት ነው፤ እሷ ባሕር ማዶ፣ ቀብሩ እዚህ። መርዶዋን በስልክ ሰማች፤ በማግሥቱ ፈተና ነበራት፤ ተፈተነች። ያን ቀን ያልወጣው አሁን በሆቴል ምንጣፍ ላይ ወጣ። የማታውቀውን ሰው ባርኔጣ ደረቷ ላይ ይዛ፣ የአባቷን ስም እየጠራች እንደ አገሯ አለቀሰች።

በክፍሉ ያሉት ሰዎች ቋንቋውን አያውቁም፤ ግን ተጠጉ። ወጥ ቤቷ ትከሻዋን ያዘቻት። ሐኪሙ ወንበር አመጣ። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ምስጢሩን ይዞ የቆመው ሁለተኛው ልጅ ነው። መጣና በአማርኛ «በቃሽ እኅቴ፤ በቃሽ፣ ይብቃሽ» አላት። ማን ነው የተናገረው? የሟቹ ልጅ፣ ወንድሟ? ወይስ አብሯት የሚማረው ልጅ? እሱ እስካሁን አያውቀውም። እሷን ስንጠይቃት «ሁለቱም መጥተው ነበር» አለችን። ከአራቱ ሰዓት ውስጥ ጓደኛችን አንድ ነገር የሰጠባት ደቂቃ ይህች ብቻ ናት።

በክቡ ላይ ሲቀመጡ ሁሉም እሷን አመሰገኑ። እንዴት ያለ ትወና ነው፣ በየት በኩል ብታመጪው ነው፣ ቋንቋውን መቀየርሽስ! አመሰግናለሁ ብላ ዝም አለች። በዚህ ጥበብ ዘንድ ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ አሜሪካዊቷ የጨዋታ ደራሲ ኤሚሊ ኬር ቦስ በ2007 ያወጣችው ነው። በእኛ አፍ ብንለው ቀለም መልቀቅ ነው፤ አዲስ ቀይ ጨርቅ ከነጠላ ጋር ሲዘፈዘፍ እንደሚሆነው። የተጫዋቹ ኀዘን ገጸ ባሕርዩ ላይ ይለቃል፤ የገጸ ባሕርዩም ተመልሶ ተጫዋቹ ላይ። ገሚሱ ይህ እንዳይደርስ ይጠነቀቃል፤ ገሚሱ ይህን ፍለጋ ይመጣል።

የኛ ጥያቄ፣ ያ ልቅሶ ሥራ ነበር ወይስ አደጋ? ሦስተኛችን መጀመሪያ ያለው «ትወና አይደለም፤ አላስመሰለችማ» ነው። እኛ ግን የለቅሶ ቤት ልጆች ነን። በለቅሶ ቤት ተመልካች አለ እንዴ? ከበር ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚገባው ሰው፣ ግጥም የምታወጣው አልቃሽ፣ የሟቹን ሙያ ቆጥራ፣ ዘመዱን በስም ጠርታ ተራ ስትሰጠው የሚነሣው ዘመድ፣ የሚቀበለው፣ ደረቱን የሚመታው፣ «ይብቃ» ብሎ የሚገላግለው፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ደንብ ያለው፣ ወግ ያለው፣ ዜማ ያለው ነገር ነው። ዐሥር ዓመት ያላየውን ጎረቤት ሊቀብር የመጣ ሰው እንኳ ያለቅሳል፤ ማንም አስመሳይ አይለውም። ወጉ እንባውን ሐሰት አላደረገበትም፤ መውጫ ነው የሰጠው። እኅታችን ያጣችውም ይህንኑ ነበር። እንባ አላጣችም፤ ወግ ነው ያጣችው። የማያውቋት ሰዎች፣ የሐሰት አባት፣ አንድ ባርኔጣ፣ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ለአፍታ ወግ ሆናት። እኛ ይህን ሥራ እንለዋለን፤ ደራሲዎቹም ያላሰቡት፣ ግን ባርኔጣውን ወንበር ላይ በማስቀመጣቸው ድርሻ ያላቸው ሥራ።

ከዚህ በኋላ ነው የሚያስቆጣን ነገር የሚመጣው። ጨዋታው በዐሥራ ሁለት ሰዓት አለቀ። በሁለት ሰዓት ማታ ያው ክፍል ለሌላ ጨዋታ ተይዟል። ወንበሩ ተነሣ፣ ባርኔጣው በካርቶን ገባ፣ ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን በዱቄት ያነጡ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። አገር ቤት ሠልስት አለ፣ ተዝካር አለ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል። እዚህ ሁለት ሰዓት እራት ተሰጣት። በቅዳሜና እሑድ ስብሰባ ላይ ያለን ዋና ሂስ ይህ ነው፤ ሰውን ሌላ ሰው ለማድረግ አራት ሰዓት ይመድባል፣ ሰውየውን ወደ ራሱ ለመመለስ ግን የመደበው ነገር የለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ እናውቃለን። በ2011 በኖርዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው የቶር ሼቲል ኤድላንድና የሐነ ግራስሞ «ጀስት ኤ ሊትል ላቪን» በኒውዮርክ፣ ኤድስ በገባባቸው በ1982፣ በ1983 እና በ1984 ዓመታት፣ በየዓመቱ ጁላይ 4 በሚደረግ ግብዣ ላይ የሚሰበሰቡ ወዳጆችን ታሪክ ይዟል። ሦስት ግብዣ፣ ሦስት ገቢር። ማን እንደሚታመም፣ ማን እንደሚሞት ዕጣ ይወስናል። በአንዱ ዓመትና በሚቀጥለው መካከል ግን ጨዋታው ይቆማል፤ ተጫዋቾቹ እንደ ራሳቸው ሆነው ይነጋገራሉ፣ ለሚመጣው ዓመት ይዘጋጃሉ፤ ከመጀመሩ በፊትም የዝግጅት ጊዜ አላቸው። የደራሲዎቹ ሙያ በገጸ ባሕርዩ ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ማረፊያዎች ላይ ይታያል። አራት ሰዓት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አይበቃም፤ ሊበቃም አይችልም።

«ሐላት ሒሳር» ደግሞ ለኛ ለተማሪዎች የቀረበ ነው። በ2013 በፊንላንድ ተደርጎ በ2016 ተደግሟል፤ የስሙ ትርጉም በዐረብኛ ከበባ ማለት ነው። ፍልስጥኤማውያንና ፊንላንዳውያን አብረው ደረሱት። መቼቱ ታሪክ በሌላ መንገድ የሄደባት፣ በባዕድ ጦር የተያዘች ፊንላንድ ናት፤ ቦታው የዩኒቨርሲቲ ግቢ። ፍልስጥኤምን ወደ ሄልሲንኪ አመጧት እንጂ ፊንላንዳዊውን ፍልስጥኤማዊ ሁን አላሉትም። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ተጫዋቹ የሌላውን ሰው መከራ እንደ ተከራየ ልብስ ለብሶ አይወጣም፤ የራሱ ጎዳና፣ የራሱ ስም፣ የራሱ ቋንቋ ላይ ወታደር ይቆምበታል። ወረቀቶቹን ከጻፉትም መካከል ነገሩን በቤታቸው የሚያውቁት አሉ።

ይህን ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ተነሣብን፤ አላለቀም። የዚያ ሆቴል ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱን ረኀብ አምጥተው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቢያጫውቱትስ? እኅታችን በሩን ዘግቼ እወጣለሁ ትላለች። ሦስተኛችን ወረቀቱን ማን እንደ ጻፈው ሳላይ አልወጣም ይላል። ጓደኛችን ደግሞ ከጻፍነው ራሳችን እንጻፈው፣ ግን መርጃ ሰጪው ፈረንጅ ሳይሆን ቀበሌው፣ መንገዱና እህሉ የቆመበት ቦታ ይኑርበት ይላል። እኅታችን ለዚህም መልስ አላት፤ በዚያ ዘመን የሞተ ሰው ያለበት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ ትላለች። ከዚህ ያለፈ ነገር ለጊዜው የለንም።

እሑድ ጠዋት እኅታችን አልተጫወተችም፤ በሆቴሉ መስኮት በረዶ ስታይ ቆየች፣ ወደ ቤትም ስልክ ደወለች። ጓደኛችን ግን ተመዝግቦ ነበርና ገባ። የአንድ ትንሽ መንግሥት ግቢ ነው። ወረቀቱ አራት ገጽ፤ እሱ በጅሮንድ፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፣ ያራቆተውም እሱ ነው፤ በመጨረሻም ያችው ትእዛዝ፣ ማንም እንዳያውቅብህ። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ባልደራስ ሆነው ቆመው ያገኛቸው የትናንትናዋን ሴትዮ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ለፈረሶቹ መኖ የሚሆን አንድም ሳንቲም እንደሌለ ነገራቸው። ዓይናቸውን አፈጠጡ። ምነው አሉት። ነገራቸው። አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፤ ልብሳቸውን ሰብስበው ሮጡ።

በሰዓቱ ውስጥ ግቢው በሙሉ ሰማ። በሦስተኛው ሰዓት ንጉሡ ችሎት ተቀመጠ። ጓደኛችን እጁን ታስሮ ቀረበ፤ ጠበቃ አጣ፤ ባልደራሷ ተነሥተው ተከራከሩለት፤ እሳቸውው ያወሩበት፣ እሳቸውው ጠበቃ! ጊዜው አለቀ ተብሎ መብራቱ ሲበራ ፍርዱ ገና አልተቆረጠም ነበር። ሻንጣችንን ይዘን ስንወጣ ንጉሡና ባልደራሷ ሊፍቱ በር ላይ ቆመው አሁንም ይሟገታሉ።